ፎቶ የተነሳው ክምር

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ልጅ የኮምፖስቱን ክምር ከሚያየው ሁሉ እየተማረ ብስሉን ከጥሬው በሚለይ የስልኳ መተግበሪያ ፎቶ አንስታ «ደርሷል ይላል፣ አያ። ነገ ነጭ ሽንኩርትዎ ላይ ይበትኑት» ስትል፣ አያ ማንያዘዋል አንገታቸውን ደፉ።

«ምነው አቀረቀርህ? ስልክ እንኳ መሰከረልህ» አለ ጎረቤታቸው ይታየው እየሳቀ።

«በምን አወቀ ግን?» አሉ ልጅቱን።

«በቀለሙ። ሲበስል ይጠቁራል። የእርስዎማ በጣም ሸጋ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ የጭልጋን ገበሬ ኮምፖስት ከዚህ ፎቶ ጋር እያስተያየ ነው የሚፈርደው።»

ሽማግሌው ወደ ክምሩ ጠጋ አሉ። ያልበሰለ ኮምፖስት ሥር ያቃጥላል። የራሳቸው ሽንኩርት ቢያርር በራሳቸው ነው፤ የሰው ማሳስ? እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ ከተቱት። ጨብጠው ያወጡት ገና ትኩስ የሆነ፣ እንፋሎት የሚተን ቢጫ ገለባ ነበር።

«ጥቁሩ ጠዋት ከላይ የነሰነስሁት መረሬ አፈር ነው» አሉ። «ፎቶ ይነሳል ስትይኝ፣ የክት ሳላለብሰው ማቅረቡ ነውር መሰለኝ።»

ይታየው ሳቁን ዋጠ። ልጅቱ ገለባውን ለአፍታ አየችው፤ ከዚያ ስልኳን ወደ መዳፋቸው አስጠጋች።

«እንዲሁ ይያዙልኝ፣ አያ» አለች። «ጥሬው ምን እንደሚመስልም ይማር።»