አራት ሰከንድ ብርሃን

ትዝታ ወደ ቪዲዮ ወጥቶ፣ ተስተካክሎ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሚያስታውሰው የተስተካከለውን ብቻ ነው። ሥራዬ እሱ ነው። ያሳደገችኝ እህቴ እትዬ ውድነሽ የምረቃዬን ቀን አመጣችልኝ።

«ሳይደበዝዝብኝ አድሺልኝ፣ ትርሲት» አለችኝ።

ራሴን በእሷ ዓይን አየሁት። ጥቁር ጋውን ለብሻለሁ። እሷ አበባ ይዛ ስትጠጋ፣ ለጓደኞቼ «ሠራተኛችን ናት» እላቸዋለሁ። አልሰማችም ብዬ ነበር እስከ ዛሬ የኖርኩት።

አራት ሰከንድ ነው። ድምፁን አጠፋሁና፣ የድሮ ፊልም ብርሃን ሲገባበት የሚያሳየውን ብርቱካንማ ቃጠሎ ደረብኩበት። ለሙሽሮች በየቀኑ የምጨምረው ነው፤ ያምራል።

እሁድ ቤቷ ምስር ስንለቅም ቀና አለች።

«ያን ቀን ከጓደኞችሽ ስታስተዋውቂኝ ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነው መሰለኝ፣ ያልሽውን አልያዝኩትም። ምን ብለሽ ነበር?»

«እህቴ ናት አልኳቸው።»

«አይ አንቺ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ማልቀሴ ትዝ ይለኛል። ለካ በደስታ ነው።»

ስባ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም ሌላኛውን ጉንጬን ሰጠኋት።