ሦስቱ ሉ ዩንታይ

በወንዙ ዳር መንደር የሉ ጎሣን የዘር መጽሐፍ የሚጠብቁት አዛውንቱ ሉ ጂንግሺ ናቸው። ሕፃን ሲወለድ የቀደሙትን ስሞች በሙሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የሟች አያትን ስም ለልጅ መስጠት ነውር ነውና።

አንድ ጠዋት ሱጁን የልጅ ልጇን ታቅፋ ስም ልታስወጣለት መጣች። ሕፃኑ ከተወለደ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው፤ ለቅሶውን አላቆመም፤ ጡትም አልያዘም፤ በማንኪያ በሚንጠባጠብለት ወተት ብቻ ነው የቆየው።

«ጋሼ፣ ቶሎ በሉልኝ፤ ሊሞትብኝ ነው!»

«እንዲህ ያለ ጉሮሮ ይዞ አይሞትም፤ ቁጭ በይ።»

ማንበብ ጀመሩ። «ሉ ዩንታይ፣ ድልድይ ሠሪ» ሲሉ ሕፃኑ ዝም አለ። ሌላ ስም ሲያነቡ ለቅሶው ተመለሰ። ከድልድይ ሠሪው ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የኖረው ሐኪሙ ሉ ዩንታይ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጸጥ አለ፤ በመምህሩ ሉ ዩንታይም እንዲሁ። ነውሩን የሚያውቁ አባቶች ይህን ስም ለምን እንደ ደጋገሙት ለአዛውንቱ ገብቷቸው አያውቅም ነበር።

«ይኸው ስሙ!» አለች ሱጁን። «ይጻፉልኝ!»

«አልጽፍም። በሦስቱም ስም ሥር ‹ወንዝ ወሰደው፤ አስከሬኑ አልተገኘም› ይላል።»

«ጡት ይያዝልኝ እንጂ ወንዙን እኔ እጠብቀዋለሁ!»

ሕፃኑ ትንፋሽ እያጠረው ነበር። አዛውንቱ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክረው ስሙን ጻፉ።

ለቅሶው ቆመ። ከተወለደ ጀምሮ ጨብጦት የነበረውን እጁንም ቀስ ብሎ ዘረጋ።

ገና ባልደረቀው ስም ላይ ከመዳፉ እርጥብ የወንዝ አሸዋ ፈሰሰ።