ፈረጅ ካሜራ ሲመርጥ

ፈረጅ ጥቁሩን ካሜራ በግራ እጁ አንስቶ ቀኝ መዳፉ ላይ አስቀመጠና ጣቶቹ እስኪታጠፉለት ጠበቀ። አውራ ጣቱ እሺ አለ። አመልካች ጣቱ ግን ቁልፉ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

የሱቁ ባለቤት ጀሚል አይቶ እንዳላየ ሆነና ባንኮኒው ላይ ያለውን አቧራ መጥረግ ያዘ። ሁለቱን ካሜራዎች ከዱባይ ያስመጣቸው ለፈረጅ ብሎ ነው። ፈረጅ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀላል ይሁን። እነዚህ አዳዲሶቹ እንደ ድሮዎቹ ውስጣቸው መስታወት ስለሌለባቸው ትንንሽ ናቸው፤ ኮት ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ፈረጅ ከሚሴ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ አንስቷል። ለመታወቂያ ፊቱ ያልተቀመጠ፣ በሰርጉ ቀን “አገጭህን ዝቅ” ያላለው ሰው ጥቂት ነው። ባቲ ድረስ፣ ጨፋ ድረስ፣ ቦርከና ሞልቶ ሰርገኛ ባገደበት ክረምት ሳይቀር፣ ያንን ከባድ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሄዷል። ባለፈው ረመዳን፣ ዒድ አራት ቀን ሲቀረው፣ ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሲታጠብ ቀኝ ጎኑ ከድቶት ወደቀ። ደሴ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛ። እግሩ ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም።

ሚስቱ ዘይና በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት አብራው ሰርግ ለሰርግ ዞራለች። ሙሽሪት ካለችበት የሴቶች ክፍል ቀድማ ገብታ ሻሽ የምታስተካክለው፣ መብራት የምትይዘው፣ ግባ ሲባል የምትጠራው እሷ ነበረች። ዛሬ የመጣችው ከባጃጅ ደግፋ ልታወርደው ብቻ ነው።

ጀሚል፣ እኔን አንሳና ሞክረው ብሎ ፈረጅን ለመነው። ፈረጅ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ብርሃኑን ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ከአስፋልቱ በኩል የሚገባው ፀሐይ የጀሚልን ፊት ለሁለት ከፍሎታል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ እንዲል ነገረውና ፊቱ ሙሉ ሲበራ ጣቱን አዘዘ። ጣቱ ዘገየ፤ ሲደርስም ክንዱን ሁሉ ይዞ ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጀሚል ሁለት አፍንጫ ነበረው።

ጀሚል አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ ሲለምዱት ይስተካከላል አለ።

ፈረጅ ሁለተኛውን አነሳ። አመድማ ነው፤ ከመጀመሪያውም ያንሳል። ጀርባውን በጣት ነካ ሲያደርጉት ቁልፍ ሳይጫኑት ያነሳል። በግራው ሞከረ። ግራ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ግን ብቻውን ካሜራውን ይዞ መንካት አይችልም። ቀኙ ሊያግዘው ሲመጣ ሁሉንም ያናውጠዋል። ደጋግሞ ሞከረ። በስድስተኛው ካሜራውን ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

ዘይና ተነስታ መጣች። “አብሽር፤ ሌላ ቀን እንመለሳለን” አለችው።

ስድስት ወር ሙሉ ሌላ ቀን ሲሉ ነው የከረሙት። ሐኪሙ ይሻሻላል ብሎት ነበር፤ ጠዋት ማታ የጨርቅ ኳስ ሲጨብጥ ኖሯል። ለመጪው ሐሙስ የባቲ ሰርግ ቃል የገባውም ይህንኑ ተስፋ አድርጎ ነው። አሁን እጁን አየውና ከዚህ እንደማያልፍ ገባው።

“ዘይና፣ እጅሽን አምጪ” አላት።

ልትደግፈው መስሏት ሰጠችው። ጥቁሩን ካሜራ አስያዛት። ሰፋባት፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ ለመድረስ ተንጠራራ። መለሰው። አመድማውን አስያዛት። አውራ ጣቷ ከኋላ፣ አመልካች ጣቷ ከላይ፣ ማንም ሳይነግራቸው ቦታቸውን ያዙ። ፈረጅ በግራ እጁ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ ቆየ፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረም።

“እኔ አልችልበትም” አለች ቀስ ብላ።

“ሃያ ዓመት ያየሽውን ነው የምታይው።”

“አንተስ?”

“እኔ በር ላይ ሆኜ እነግርሻለሁ።”

ዘይና አንገቷን ደፋች። ከዚያ “ቶሌ” ብላ ተስማማች።

ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክርኖቿን ወደ ጎኗ እንድታስጠጋ፣ ትንፋሿን እንድትይዝ፣ ቁልፉን ሳትመታ ቀስ አድርጋ እንድትጫነው ነገራት። ድምፁ ሙሽሮችን የሚያዝበት ድምፅ ነበር። ዘይና ወደ እሱ አነጣጥራ አንድ ጊዜ ተጫነች።

ጀሚል ካሜራውን አመጣለት። ፈረጅ ፎቶው መጥራቱን ሁልጊዜ የሚፈትሸው ዓይን ላይ ነውና አጉልቶ ስክሪኑ ላይ ወዳለው የራሱ ዓይን ወሰደው። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሥሩ ገና ያልወረደ እንባ አለ፤ እንዳቀረረ ራሱ አላወቀም ነበር። ብዙ አየው።

“ጠርቷል” አላት፣ ቀና ሳይል።