ከውስጥ በኩል የተቆፈረው ቦይ

ባለቤቴ ትርንጎ ከቁፋሮው ስትመለስ እጇ በአፈር እንደተለወሰ ነበር። የዚያ ጥንታዊ ቦታ አፈር በባዶ እጅ ለነካው ሰው ያለፈውን ዘመን ያሳየዋል፤ በምትኩ ግን በነካው ቁጥር አንድ ትዝታውን ይወስድበታል። ልጃችን ሶልያና ጆግና ሳፋ ይዛ ልታስታጥባት ቀረበች።

«ዛሬ ገባኝ» አለችኝ ትርንጎ። «ክቡን የአፈር ክምር ምሽግ ነው ስንል ሃያ ዓመት ኖርን፤ አይደለም። ቦዩ ከክምሩ በውስጥ በኩል ነው። የቆፈሩት ጠላት እንዳይገባ ሳይሆን፣ ውስጥ ያሉት እንዳይወጡ ነው።»

«እነማን ናቸው?»

«እንደኔ አፈሩን የነኩ ሰዎች። ቤታቸው ጠፍቷቸው ሲባዝኑ ገደል እንዳይገቡ፣ ልጆቻቸው ናቸው የቆፈሩላቸው።» እጇን እየታጠበች ቀና አለች። «ተባረኪ፤ የማን ልጅ ነሽ?»

ሶልያና ውሃውን አፍስሳ ጨረሰች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «አካፋው የት ነው?»