አንድ ቁልቁለት፣ ሦስት ቁጥር

«ድገመው» አለች የሺሃረግ።

የቢሮው የአይቲ ባለሙያ ዋለ ደገመው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ላይ 0.91 ወጣ። ቅድም 1.27 ነበር፤ ትናንት ደግሞ 1.48። መረጃው ያው፣ ቁልቁለቱም ያው።

የሺሃረግ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ቆመች። ቁጥሩ ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሚጸና የሚለካ ነው፤ ከአንድ በታች ማለት መሬቱ ይናዳል ማለት ነው።

ደካ አጠገብ ተራራው ሥር የሚኖሩ አሥራ ዘጠኝ አባወራዎች፣ መሬቱ ከተሰነጠቀ ወዲህ ትምህርት ቤት ተጠልለው ነበር። ከቦንጋ ሄዳ ቁልቁለቱን የለካችው እሷ ናት። ትናንት ኮምፒውተሩ 1.48 ሲላት ለቀበሌው ሊቀመንበር ደውላ «አያስፈራም፣ ቤታችሁ ግቡ» ያለችውም እሷው ናት።

«ዋለ፣ ይህን ኮምፒውተር ምን አድርገኸው ነው?»

ዋለ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለም። «የተራራው ስሌት በሙሉ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ከትናንት ወዲያ አፍጥንልኝ ስትይኝ ጊዜ ኦቨርክሎክ አደረግኩት። ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማለት ነው።»

«ችግር የለውም አላልከኝም?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ፈትኜዋለሁ እኮ! አልጠፋም፣ አልቆመም።» የማሽኑ የጎን ክዳን ተነቅሎ የጠረጴዛ ማራገቢያ ተደግኖበታል። ዋለ እጁን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጎ ሙቀቱ ሲገርፈው መለሰው። «ካልቻለ ይጠፋል ብዬ ነበር። ሳይጠፋ፣ ዝም ብሎ እየሠራ ይሳሳታል ብዬ...» አልጨረሰውም።

«ታዲያ የትኛው ነው ልኩ?»

«አላውቅም። ወደ ድሮ ፍጥነቱ ልመልሰውና ይህን አንድ ቁልቁለት ብቻ እንደገና ላስላው። ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።»

የሺሃረግ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ ባጃጆቹ ጎርፉ መሃል ቆመዋል። ስልኳን አነሳች።

«ቆይ እንጂ!» አለ ዋለ። «ልኩን ሳናውቅ? በሥራሽ እኮ ነው የምትቀልጂው።»

ደወለች።

«እንዴት አደሩ ኢንጂነር!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ አቶ ማዕረግ፣ በደስታ። «እግዜር ይስጥልን። ሰዉ ጎህ ሳይቀድ ነው የገባው።» ከኋላቸው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ከብዙ አቅጣጫ። የላላ ቆርቆሮ እየመቱ ነው።

«አቶ ማዕረግ፣ አሁኑኑ ያስወጧቸው።»

«ምን አሉኝ?»

«ትናንት የነገርኩዎት ስህተት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አያስፈራም ብለውን አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ይናዳል?»

«አላውቅም» አለች። ይህን ቃል በሥራዋ ላይ ተናግራው አታውቅም። «አላውቅም አቶ ማዕረግ። ስለማላውቅ ነው ያስወጧቸው የምልዎ።»

አቶ ማዕረግ ከስልኩ ዞር አሉ። ከዚያ በካፊኛ ጮኹ። የሺሃረግ ቋንቋውን አትሰማም፤ መዶሻዎቹ ግን አንድ በአንድ ዝም ሲሉ ሰማች።

ራቅ ካለ ቦታ አንዱ መምታቱን ቀጠለ።

እንደገና ጮኹ። መዶሻው አላቆመም። ስልኩን ሳይዘጉ ወደዚያው መሮጥ ጀመሩ፤ የጭቃው ድምፅና ትንፋሻቸው ጆሮዋ ውስጥ ገባ። የመዶሻውም ድምፅ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ።