ከመቲ የመጣው አውራ ዶሮ

ረታ በሕይወት ሳለ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንጎው ሥር ቆሞ ለዶሮዎቹ በቆሎ ይበትን ነበር። አውራ ዶሯቸው ለረታ የአርባ ቀን ተዝካር ሲታረድ፣ ሚስቱ ሙሉብርሃን የዶሮዎቹ ዘር እንዳይጠፋባት ከመቲ ከተማ ሌላ አውራ አስመጣች። ቤት እንዲለምድም እግሩን ከማድቤቱ ምሰሶ ጋር ሦስት ቀን አሰረችው።

ዶሮዎቹ ዞር ብለው አላዩትም። የምትበትንላቸውን ማሽላ ትተው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማንጎው ሥር ባዶ መሬት ይለቅማሉ።

«እንዳንቺው ናቸው ሙሉዬ፤ ሌላ አውራ አንፈልግም እያሉሽ ነው!» አለቻት ጎረቤቷ ዘሃራ በአጥሩ በኩል።

«በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው፣ አንቺ ትቀልጃለሽ!»

«የምን ረሃብ? ወፍረው የለም እንዴ!»

በአራተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገመዱን ፈታችለት። አውራው ማሽላውን ረግጦ ሮጠና ከዶሮዎቹ መሀል ገብቶ ባዶውን አፈር ይለቅም ጀመር።

«አንተም? አፈር ልትበላ ነው ከመቲ ድረስ ያስመጣሁህ?»

ተበሳጭታ ብድግ አደረገችው። ጉሮሮው ሥር አብጧል። ስትዳብሰው የበቆሎ ፍሬዎች በጣቶቿ ሥር ተንሸራተቱ። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት በቆሎ ገብቶ አያውቅም።

ዶሮዎቹ ለቅመው ጨርሰው አንገታቸውን አሰገጉ። የሚያዩት እሷን አልነበረም፤ ከትከሻዋ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር።