ሦስት ሰዓት ከአሥር

ቆጣሪ አንባቢው በዚህ ዓለም የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር የአውሮፕላን ጌም ሪከርዱ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው የውኃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው አንድ የራሱ ቁጥር ቢኖረው አይፈረድበትም። ቁጥሩ ያለው ሳሎን ጥግ በተቀመጠችው አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሯ የልጅነቱን የጌም ማሽኖች አስመስሎ የሚያጫውት ኢሙሌተር ተጭኖባታል፤ ሌላ ሥራ የላትም።

ስለ ሪከርዱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያልሰማ የለም። የሰማም ሁለተኛ መስማት አይፈልግም።

አንድ ቀን ታዲያ ከሥራ ገብቶ ቢከፍታት፣ ስሙ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወርዶ ቁጭ ብሏል። አንደኛው ቦታ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ፦ ኤ፣ ኤ፣ ኤ። ጌሙ ላሸነፈ ሰው ሦስት ፊደል ነው የሚፈቅደው፤ እሱንም ከኤ ጀምሮ በጆይስቲክ እየገፉ መምረጥ ነው።

እራት ሳይበላ ምርመራ ጀመረ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ስፌት መኪና ላይ ውላ ከተኛች ቤቱ ቢፈርስ አትሰማም። ጌም ደግሞ ነክታ አታውቅም። የቀረው ወንድሟ ነው። መካኒክ ነበር፤ ጋራዡ ከተዘጋ ስምንት ወሩ፣ የሚያድረውም ሳሎን ሶፋ ላይ፣ ከኮምፒዩተሯ ሁለት እርምጃ ርቆ። የእሱም፣ የአባቱም፣ የአያቱም ስም በኤ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው እንደ ጉድ ጎረፈ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። የቆጣሪ አንባቢው ነጠላ ጫማ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሥር ጠፍቶ በኮምፒዩተሯ ጠረጴዛ ሥር ይገኛል።

«ሪከርዴ አልበቃው ብሎ ጫማዬን ያደርጋል!» አለ ለሚስቱ፣ አውራ ጣቱን እያሸ። በንዴት ይሁን በምን፣ ሰሞኑን ጣቱን ያመዋል።

«ጫማህ ነው ያስጨነቀህ?» አለችው።

አዲስ የወጣው የኮምፒዩተር ሲስተም ማን ምን እንደተጫወተ ባያውቅም በስንት ሰዓት እንደተጫወተ ይመዘግባል ሲባል ሰማ። ቅዳሜ ኮምፒዩተሯን ሊያድስ ተቀመጠ። መታደስ የሚገባትም በዚህ ብቻ አልነበረም፤ በስክሪኗ ጥግ ያለችው ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር አንድም ቀን ተስማምታ አታውቅም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሪከርዱን ፍላሽ ላይ ኮፒ ላድርግልህ?» አለ የሚስቱ ወንድም።

«እጅህን ሰብስብ!»

ቆጣሪ አንባቢው መቶኛውን እንደ ሥራው ጮክ ብሎ እያነበበ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ደረሰ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ አንድ ሰዓት ቆመ። ኮምፒዩተሯ ስትነቃ አምራና ተውባ ነበር፤ ሪከርዱ ግን ድራሹ ጠፍቷል። ሰውየው ክው አለ። እውነቱን ለመናገር ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

የሚስቱ ወንድም ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። «ይኸው። ዞር ስትል ኮፒ አድርጌው ነበር፣ ለማንኛውም ብዬ።»

ቆጣሪ አንባቢው ፍላሹን ተቀበለ፤ ምስጋናውን ግን ዋጠው። ይህ ሰው ለምን ይጨነቃል? የራሱ ሦስት ኤ እንዳይጠፋበት ነዋ!

አዲሱ ሲስተም ያቺን የማትስማማ ሰዓት ከስክሪኑ ጥግ አንሥቷታል። ተስተካከለች ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ገብቶ ቢከፍታት ሪከርዱ ዳግም ተሰብሯል። ኤ፣ ኤ፣ ኤ። ከጎኑም የዕለቱ ቀን፣ ጠዋት፣ 3:10። ቆጣሪ አንባቢ ያየውን ቁጥር ነው የሚያነበው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ወዲያው ለሥራ ባልደረባው ደወለ፤ ሪከርዱን በግድ ሲሰማ የኖረው ሰው አሁን ደግሞ በግድ ምስክር ሆኖ መጣ።

«ዛሬ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር» አለ ቆጣሪ አንባቢው ቆሞ። «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሚስቴ ስፌት ቤት ነበረች። እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ» አለ የሚስቱ ወንድም። በጣቶቹ የሆነ ነገር ቆጠረ፤ ፈገግ ሊል ሲል ተወው።

«ተጫወትክ?»

«አልተጫወትኩም።»

«ታዲያ ማነው የተጫወተው? ሶፋው?»

የሚስቱ ወንድም እንግዳውን አየ፤ ቆጣሪ አንባቢውንም አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ሰው ፊት የሚነገር አይደለም፣ ጋሼ። ለብቻችን እንሁንና ልንገርህ።»

«ሰማህ?» አለ ቆጣሪ አንባቢው ወደ ባልደረባው ዞሮ። «አመነ!» ወደ ሚስቱ ወንድም ተመለሰ። «አንተ ዕቃህን ሸክፍ!»

«በጌም ምክንያት ወንድሜን መንገድ ላይ ትጥላለህ?» ሚስቱ እንባዋ መጣ።

«ጌም አትበይው! ሪከርድ ነው።»

ዕቃው አንዲት ሻንጣ ነበረች፤ ለመሸከፍ አምስት ደቂቃ አልፈጀችም። ባልደረባው የሚያይበት ጠፍቶት ጫማውን ያያል። ቆጣሪ አንባቢው ወገቡን ይዞ በሩን ይጠብቃል፤ ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ገና ልቡ አርፏል።

የሚስቱ ወንድም በሩ ላይ እህቱን አቀፋት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ሳሎኑ ጠባብ ሆነና ሁሉም ሰሙት።

«እንግዲህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትነሺው አንቺ ነሽ። ሲጨርስ እጁን ይዘሽ ወደ አልጋው መልሺው፤ ነጠላ ጫማውን እንደ እኔ ጠረጴዛው ሥር እንዳትረሺው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጫወተው፤ አደራ፣ እንዳይነቃብሽ።»